መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት

ግድግዳ ላይ ቀለም ሲላጥ ብዙ ሰው ቀለም ይገዛል። በር አልዘጋ ሲል መላጊያ ይፈልጋል። ሶኬት ሲጠቁር ሌላ ሶኬት ያስገባል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ቀለሙ ተመልሶ ይላጣል፣ በሩም ይይዛል፣ አዲሱም ሶኬት ይጠቁራል። ቀለሙን የላጠው ከጀርባው ያለ ውሃ ነበር። በሩን ያስያዘው የላይኛው ማጠፊያ መላላት ነበር። ሶኬቱን ያጠቆረው በደንብ ያልጠበቀ ሽቦ ነበር።

ሙያዬ ግንባታ አይደለም። ያረጀ ቤት ውስጥ የምኖር፣ እጄ መፍቻ የለመደ ሰው ነኝ። እህቶቼም ጎረቤቶቼም የሆነ ነገር ሲንጠባጠብ ወይም ሲወላልቅ ይደውሉልኛል። እኔም መጀመሪያ የምጠይቀው «መቼ መቼ ነው የሚብሰው? ከየት ነው የሚጀምረው?» ብዬ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ነው? ሻወር ከተወሰደ በኋላ ነው? ምድጃው ሲበራ ነው? መልሱ የሥራውን ግማሽ ያቀልላል። እዚህም የምጽፈው በዚያው ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ማየት፣ ከዚያ መፍታት።

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም። ጠፍጣፋና ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ እንግሊዝ ቁልፍ፣ መዶሻ፣ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ስለታም ቢላ፣ የኤሌክትሪክ ቴስተር እና ጥሩ የእጅ ባትሪ ካላችሁ አብዛኛውን ሥራ ትሠራላችሁ። ድሪል መዋስ ይቻላል። የዓይን መከላከያ መነጽር ግን የራሳችሁ ይኑራችሁ፤ ሁልጊዜም ከመሣሪያው ጋር አስቀምጡት።

መዝጊያዎቹን ዛሬውኑ ፈልጓቸው

የውሃው ዋና መዝጊያ የት እንዳለ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ማወቅ አለበት፤ ልጆችም ጭምር። ቧንቧ ፈንድቶ ወለሉ ሲሞላ መዝጊያ መፈለግ አይቻልም። ብዙውን ጊዜ ቆጣሪው አካባቢ ታገኙታላችሁ። ክብ እጀታ ያለውና ብዙ ዙር የሚዞረው ጌት ቫልቭ ነው። ዘንግ እጀታ ያለው ደግሞ ሩብ ዙር ብቻ ነው የሚዞረው፤ እጀታው ከቧንቧው ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆነ ክፍት ነው፣ ቧንቧውን ካቋረጠ ዝግ ነው።

በዓመት ሁለት ሦስቴ ዝጉትና መልሳችሁ ክፈቱት። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ መዝጊያ በዝገትና ከውሃው በሚቀር ጨው ይጣበቃል። በጭንቅ ሰዓት በጉልበት ስታዞሩት ዘንጉ ሊሰበር ይችላል። ጌት ቫልቭ ከሆነ እስከ መጨረሻው ከከፈታችሁ በኋላ ሩብ ዙር ያህል መልሱት፤ እንዳይነክስ ይረዳል።

ኤሌክትሪኩም እንዲሁ ነው። የትኛው ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚያጠፋ አጠገቡ ጻፉ። አንዱ ሳጥኑ ጋ ቆሞ ያጠፋል፣ ሌላው በየክፍሉ እየዞረ «ጠፋ!» ይላል።

የሚንጠባጠብ ቧንቧ

አንድ ጠብታ ሩብ ሚሊ ሊትር ናት እንበል። በየሰከንዱ አንዴ ጠብ ካለች በቀን ከ20 ሊትር በላይ ትሆናለች። የራሳችሁን ለማወቅ ከሥሩ ኩባያ አስቀምጡ፤ በአንድ ሰዓት የተጠራቀመውን በ24 አባዙት። ሰዎች ይህን ካዩ በኋላ ነው ጥገናውን ማዘግየት የሚተዉት።

ከመፍታታችሁ በፊት ከየት እንደሚያፈስ ተመልከቱ። ተዘግቶም ከአፉ ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ ችግሩ ውሃውን የምትዘጋው ትንሽ ጎማ፣ ማለትም ጎሚኒዋ ላይ ነው፤ ወይም ጎማዋ የምታርፍበት የብረት ከንፈር ላይ። ተከፍቶ ሳለ ከእጀታው ሥር የሚወጣ ከሆነ ግን ችግሩ ዘንጉን የከበበው ማሸጊያ ነው። ብዙ ጊዜ የማሸጊያውን ዳዶ በትንሹ ማጥበቅ ይበቃል።

ጎማ ለመለወጥ መጀመሪያ ውሃውን ዝጉ። ቧንቧውን ከፍታችሁ የቀረውን አፍስሱ። የሳህን ማጠቢያውን ወይም የእጅ መታጠቢያውን መውረጃ በጨርቅ ድፈኑ፤ ትናንሽ ብሎኖች ሁልጊዜ የሚወድቁት ወደዚያ ነው። እጀታውን አውልቁ፣ ሥሩ ያለውን ዳዶ በእንግሊዝ ቁልፍ ፍቱ፣ ዘንጉን አውጡ። አሮጌዋን ጎማ አትጣሏት፤ ወደ ሱቅ ይዛችኋት ሂዱ። በዓይን ግምት የተገዛ ጎማ ብዙ ጊዜ ወይ ይጠባል ወይ ይሰፋል።

ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ነገር አለ። ዘንጉ ወጥቶ ሳለ ትንሿን ጣታችሁን አስገብታችሁ የብረቱን ከንፈር ዳስሱ። ለስላሳ መሆን አለበት። ከሻከረ ወይም ከተቦረቦረ አዲሷን ጎማ በአጭር ጊዜ ይበላታል። ከንፈሩን የሚያስተካክል ትንሽ መፋቂያ አለ፤ ከሌላችሁ ቧንቧውን መለወጥ ይሻላል። «ጎማ ለወጥኩ፣ ከወር በኋላ ተመልሶ አፈሰሰ» የሚሉኝ ሰዎች ችግራቸው በብዛት እዚህ ላይ ነው።

አንድ እጀታ ብቻ ያለውና ሙቅና ቀዝቃዛ የሚያቀላቅለው ዘመናዊ ቧንቧ ጎማ ሳይሆን ካርትሪጅ፣ ማለትም ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋ ተነቃይ ክፍል ነው ያለው። በብዛት 35 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ነው። አውጥታችሁ ለኩትና ያንኑ ግዙ። የታችኛው ክፍሉ ላይ ያሉት ትናንሽ ማረፊያዎችም ይመሳሰሉ።

ጥርስ ያለው መገጣጠሚያ ላይ ቴፍሎን ስትጠቀልሉ የጥርሱን ጫፍ ወደ ራሳችሁ አዙሩና በሰዓት አቅጣጫ ጠምጥሙ። በተቃራኒው ከጠመጠማችሁት ስታጠብቁ ይፈታና ይጨማደዳል። ከሦስት እስከ አምስት ዙር በቂ ነው። ካጠበቃችሁ በኋላ ለማስተካከል ወደ ኋላ አትመልሱት፤ ማሸጊያው ይላላል። መገጣጠሚያው ውስጡ የጎማ ማሸጊያ ካለው ደግሞ ቴፍሎን አያስፈልገውም፤ የሚይዘው ጎማው ነው።

የማይታይ ፍሳሽም አለ። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዝጉና የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ እንደገና አንብቡ። ከጨመረ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። መጀመሪያ የምጠረጥረው የሽንት ቤቱን የውሃ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ውስጥ የምግብ ቀለም ጨምሩና ውሃ ሳትለቁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ የሳጥኑ ታችኛው ጎማ አርጅቷል። ካልታየ ደግሞ ተንሳፋፊውን እዩት፤ ውሃው ከሚገባው በላይ ወጥቶ በውስጠኛው ቱቦ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

መውረጃ ሲዘጋ ኬሚካል የመጨረሻ ምርጫዬ ነው። ከሥሩ ባልዲ አስቀምጡና ሲፎኑን፣ ማለትም ከመውረጃው ሥር ያለውን ጎባጣ ቧንቧ፣ በእጃችሁ ፍቱት፤ ፀጉሩም ቅባቱም እዚያው ነው የሚጠራቀመው። ኬሚካል አስቀድሞ የተጨመረበትን ግን አትፍቱ፤ እጅና ዓይን ያቃጥላል። በረኪናን ደግሞ ከአሲድም ሆነ አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፤ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይጥላል።

እርጥበት፣ ትልቁ ጉዳይ

ቤትን ከሌላው ሁሉ በላይ የሚጎዳው ውሃ ነው ብዬ አምናለሁ። እንጨት ያበሰብሳል፣ ብረት ያዝጋል፣ ልስን ያራግፋል፣ ሻጋታ ያበቅላል። እርጥብ ግድግዳ ስታዩ አስቀድማችሁ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለዩ፤ ከላይ ወይም ከቧንቧ የሚያፈስ፣ ከመሬት የሚወጣ፣ ወይም ከክፍሉ አየር የሚመጣ ላብ።

ዳር ዳሩ ቡናማ መስመር ያለው ነጠብጣብ በብዛት የፍሳሽ ምልክት ነው። ከመሬት የሚወጣው ከወለሉ ይጀምርና እስከ አንድ ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨውም ይተዋል። ላቡ ደግሞ ቀዝቃዛ ማዕዘን፣ መስኮት አጠገብና ቁምሳጥን ጀርባ ይወዳል፤ ጥቁር ሻጋታም ያመጣል።

ካልለየላችሁ ይህን ሞክሩ። ግድግዳውን በጨርቅ አድርቁ። እጅ የሚያህል የላስቲክ ወይም የአሉሚኒየም ቁራጭ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጣብቃችሁ አንድ ሁለት ቀን ተዉት። ውሃው በክፍሉ በኩል ካለው ገጽ ላይ ከታየ ከአየር ነው። ከጀርባው ከሆነ ከግድግዳው ውስጥ ነው።

ላብ ከሆነ መድኃኒቱ አየር ነው። ከሻወር በኋላ መስኮት ክፈቱ፣ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው በትንሹ 5 ሳንቲ ሜትር አርቁት፣ እርጥብ ልብስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስጡ። ከመሬት ከሆነ ወደ ውጭ ውጡና ዙሪያውን ተመልከቱ። አፈሩ ከግድግዳው ጋር ተከምሯል? የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን መሠረቱ ሥር ነው የሚያፈሰው? መሬቱ ከቤቱ እየራቀ በአንድ ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። አንዳንዴ አንድ ቅዳሜ አካፋ ይዞ መሥራት፣ ተደጋጋሚ ቀለም ያልፈታውን ይፈታል። ነጩን ጨው በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት እንጂ በውሃ አትጠቡት፤ ጨዉ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል።

ፍሳሽ ከሆነ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። አንዲት ጎረቤቴ የሳሎኗ ኮርኒስ ላይ ነጠብጣብ ነበረ። የመጣ ሁሉ ጣሪያ ነው ይላት ነበር። «ዝናብ በሌለበት ወር ደረቀ?» ብዬ ጠየቅኋት። አልደረቀም። ከላይ የነበረው መታጠቢያ ቤት ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ፈተንን። መጀመሪያ የሻወሩን ውሃ በጎማ ቱቦ በቀጥታ ወደ መውረጃው ብቻ ለቀቅን፤ ጠበቅን፤ ምንም የለም። ስለዚህ መውረጃው ደህና ነው። ቀጥለን መውረጃውን ደፍነን ወለሉ ላይ ውሃ አቆርን። አሁንም የለም። በመጨረሻ የግድግዳውን ሴራሚክ ብቻ አራስን። ያን ጊዜ ጠብ አለ። ሁለቱ ግድግዳዎች የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ያለው ሲሊኮን ተላቆ ነበር። ጣሪያው ላይ ገንዘብ ሳይፈስ አንድ ቱቦ ሲሊኮን ጨረሰው።

ሁሉን በአንድ ጊዜ ካረጠባችሁ ምንም አታውቁም። አንዱን ሞክሩ፣ በቂ ጊዜ ስጡት፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ። የጣሪያ ፍሳሽ ስትፈልጉም ውሃ በእንጨቱ ተከትሎ ርቆ እንደሚሄድ አስታውሱ። የሚንጠባጠብበት ቦታና የገባበት ቦታ ላይገናኙ ይችላሉ፤ ፍለጋችሁን ከነጠብጣቡ ወደ ላይኛው የጣሪያው ተዳፋት ውሰዱ።

ሲሊኮን ስለተነሳ፣ አዲስ ሲሊኮን አሮጌው ላይ አይጣበቅም። አሮጌውን እስከ መጨረሻው በቢላ ፋቁ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ በደንብ ይድረቅ። ከላይና ከታች የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ ሲሊኮኑን በአንድ ጊዜ አስምሩ፣ በእርጥብ ጣት አለስልሱ፣ ሳይደርቅ ፕላስተሩን ላጡ። ለ24 ሰዓት ውሃ አይንካው። የገላ መታጠቢያ ገንዳ ዙሪያ ከሆነ ገንዳውን አስቀድማችሁ በውሃ ሙሉት፤ በክብደቱ ዝቅ ካለ በኋላ የተሞላ ክፍተት ሰው ሲገባበት አይቀደድም።

ስንጥቅ

ፀጉር የመሰለ የልስን ስንጥቅ አያሳስብም። ጫፍና ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ አጠገቡ ቀኑን ጻፉ። ከወራት በኋላ ምልክቱን ካላለፈ መሙላት ትችላላችሁ። በቢላ ጫፍ ትንሽ አስፉት፣ አቧራውን አውጡ፣ በጥቂቱ አርጥቡት፣ ስቱኮውን በስስ በስሱ ደርቡ። ሲደርቅ በ120 ቁጥር፣ ከዚያ በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። የመስኮት ፍሬምና ግድግዳ የሚገናኙበት ስንጥቅ ላይ ግን ስቱኮ አይቆይም፤ ሁለቱ በሙቀትና በቅዝቃዜ እኩል አይንቀሳቀሱም። የሚለጠጥ አክሪሊክ ማሸጊያ ተጠቀሙ። ቀለም ስለሚቀበል እዚያ ላይ ከሲሊኮን ይመረጣል።

በብሎኬቱ መገጣጠሚያ እንደ ደረጃ እየወጣ የሚሄድ፣ ትንሿ ጣት የምትገባበት፣ ወይም በርና መስኮት ማጣመም የጀመረ ስንጥቅ ካያችሁ ስቱኮውን አስቀምጡና መሐንዲስ ጥሩ። መሸፈን ጉዳቱን ከዓይን ይደብቃል እንጂ አያቆመውም።

ኤሌክትሪክ፦ የቱ ጋ እንደምቆም

እኔ ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያና አምፖል መያዣ እለውጣለሁ፤ ሕጉ በሚፈቅድበት። የብሬከሩን ሳጥን ውስጥ፣ ቆጣሪውንና አዲስ መስመር መዘርጋትን አልነካም። እናንተም ያላችሁበት ቦታ ምን እንደሚፈቅድ እወቁ።

ብሬከሩን ካጠፋችሁ በኋላም አትመኑ። ቴስተሩን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው በምታውቁት ሶኬት ሞክሩ። ከዚያ የምትፈቱትን ሞክሩ። ከዚያ ተመልሳችሁ የመጀመሪያውን ሞክሩ። ሦስተኛዋ ሙከራ ቴስተሩ መሐል ላይ እንዳልሞተ ታረጋግጣለች። ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። የሽቦ ቀለም ላይ ብቻ አትደገፉ፤ የአሮጌ ቤት ቀለም ከአዲሱ ይለያል፣ ቀድሞ የሠራውም ሰው ያገኘውን ተጠቅሞ ሊሆን ይችላል።

የጠቆረ ሶኬት ስትፈቱ የሽቦውን ማሰሪያ ብሎን እዩ። የላላ ሽቦ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበልጥ ይላላል። የተቃጠለውን የሽቦ ጫፍ ቆርጣችሁ ጤነኛ መዳብ እስክታገኙ ግፈፉ፣ ከዚያ አዲሱን በደንብ አጥብቁ። ብሎኑን ካጠበቃችሁ በኋላ ሽቦውን ሳብ አድርጉት፤ ከወጣ አልያዘም።

ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ መለወጥ እጅግ አደገኛ ነው። ብሬከሩ የሚጠብቀው ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። 16 አምፔሩን አውጥታችሁ 25 ብታስገቡ ብሬከሩ ይቆያል፣ የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ይልቅ የሰካችኋቸው ዕቃዎች የሚስቡትን ደምሩ። 2,000 ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባል። እንዲህ ያሉ ሁለት ማሞቂያዎችን 10 አምፔር በሚችል አንድ ማከፋፈያ ላይ ከሰካችሁ መልሱን አግኝታችኋል። ሳጥናችሁ ላይ «ቴስት» የሚል ቁልፍ ያለው መከላከያ ካለ በየጥቂት ወሩ ተጫኑት። ካልወረደ ሰው ሲነዝርም ላይወርድ ይችላልና ባለሙያ ጥሩ።

በር

የሚይዝ በር ከመላጋችሁ በፊት የት እንደሚይዝ እወቁ። ወረቀት በበሩና በፍሬሙ መሐል አስገብታችሁ ዙሪያውን አንሸራትቱ፤ የሚቆምበት ቦታ እሱ ነው። በእጀታው በኩል ከላይ ከያዘ የላይኛው ማጠፊያ ብሎኖች ላልተዋል ማለት ነው። አጥብቋቸው። ቀዳዳው ሰፍቶ ብሎኑ ባዶውን ከዞረ፣ ክብሪት እንጨቶችን ጫፋቸውን ቆርጣችሁ የእንጨት ኮላ ቀብታችሁ ቀዳዳውን ሙሉት። ሲደርቅ ትርፉን ቁረጡና ብሎኑን መልሳችሁ እሰሩት፤ ጥሩ አድርጎ ይይዛል። መላጊያ የመጨረሻው ነው፤ ያውም በደረቅ ወቅት። በእርጥብ ወቅት ያበጠ እንጨት ከላጋችሁ ሲደርቅ ክፍተት ይተዋል።

የቁልፉ ምላስ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ ካለ ምላሱ ላይ ጠመኔ ቀቡና በሩን ዝጉት። ምልክቱ የት እንዳረፈ ያሳያችኋል። ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነ የብረቱን ቀዳዳ በሞረድ ማስፋት ይበቃል።

ግድግዳ መብሳትና ቀለም

ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን አትብሱ፤ ሽቦ የሚሄደው በዚያ ነው። ፊሸር 8 ከሆነ መብሻውም 8 ሚሊ ሜትር ይሁን። መብሻው ላይ በፕላስተር ጥልቀቱን ምልክት አድርጉ። ፊሸሩ ልስኑን አልፎ ግንቡ ውስጥ መግባት አለበት፤ ልስን ብቻ የያዘ መደርደሪያ ዕቃ ሲጫንበት ይወርዳል። ሴራሚክ ስትበሱ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉበትና የድሪሉን መዶሻ አጥፉ። ሴራሚኩን ካለፋችሁ በኋላ ታበሩታላችሁ። ክፍተት ያለው ብሎኬት ላይ ደግሞ ውስጥ ገብቶ የሚከፈት ፊሸር ጠይቁ።

ቀለም ላይ አንድ ነገር ብቻ። ከመቀባታችሁ በፊት ያለው ቀለም ዘይት ይሁን ውሃ እወቁ። ጨርቅ በአልኮል ነክራችሁ እሹት፤ ከለቀቀ የውሃ ቀለም ነው። የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ላይ የውሃ ቀለም እንዲሁ ከቀባችሁ እንደ ልጣጭ ይነሳል፤ አሻክሩት፣ የሚያጣብቅ ፕራይመር ቀቡ። በጣም አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ግን በደረቁ አትፋቁት፤ በተለይ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ባለበት ቤት። መጀመሪያ አስመርምሩት።

ከእጃችሁ በላይ ሲሆን

ጋዝ ሲሸት፣ ግድግዳ ሲያጋድል፣ የአስቤስቶስ ጣሪያ ሲሰበር ራሳችሁ አትግቡበት። የጋዝ ሽታ ካለ ማብሪያም አትንኩ፤ ወጥታችሁ ከውጭ ደውሉ።

ባለሙያ ስትጠሩም ያያችሁትን ንገሩት፤ መቼ እንደጀመረ፣ ምን ሲሆን እንደሚብስ፣ ምን ሞክራችሁ ምን እንዳገኛችሁ። የቀየረውን አሮጌ ዕቃ አሳዩኝ በሉት። ግድግዳ ከከፈተ ደግሞ መልሶ ከመለሰኑ በፊት ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ አንሱ፤ ቧንቧው ከወለሉ ስንት ሳንቲ ሜትር፣ ከማዕዘኑ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ይታይ። እኔ እነዚህን ፎቶዎች ከካርትሪጁ ልክ፣ ከቀለሙ ቁጥርና ከብሬከሮቹ ዝርዝር ጋር አንድ ደብተር ውስጥ አኑሬያቸዋለሁ። ደብተሩም የሚቀመጠው ከዋናው የውሃ መዝጊያ አጠገብ ነው።